የሥራ ሽጉጥ ከግምጃ ቤት ሲመረጥ፦ ለጅማ ፖሊስ አባላት ዝርዝር መመሪያ

ሽጉጥ የመምረጥ ዕድል የሚሰጠው ፖሊስ ብዙ ጊዜ የሚመርጠው በግምጃ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ከተዘረጉ ጥቂት ዓይነቶች ነው። አንዱ ስሙን የሰማውን ያነሣል፤ ሌላው ትልቁን፤ ሌላው ደግሞ አዲስ የሚመስለውን። ፈርሞ ይወጣል። ጣቱ ምላጩ ላይ በደንብ እንደማይደርስ፣ ጥይቱ በቂ እንዳልሆነ ወይም ካዝናው የላላ እንደሆነ የሚያውቀው በተኩስ ልምምድ ቀን ነው፤ ያም ዕድለኛ ከሆነ።

የትኛው ስም ይበልጣል የሚለውን ክርክር ለሻይ ሰዓት ተዉት። ጠረጴዛው ላይ ሦስት ማካሮቭ ቢቀርብ አንዱ ለዓመታት የሚያገለግል፣ አንዱ መርፌው (ጥይቱን ከኋላ የሚወጋው ብረት) ያለቀ፣ አንዱ ደግሞ ካዝናው ጥይት በደንብ የማያቀብል ሊሆን ይችላል። የምትመርጡት ያን አንዱን ሽጉጥ ነው። ከዚህ በታች ያለውን በቅደም ተከተሉ ሥሩ፤ ደረጃ አትዝለሉ።

## ከመሄዳችሁ በፊት

ቀጠሮ ያዙ። ፈረቃ በሚቀየርበት ሰዓት ከሄዳችሁ ከኋላችሁ የቆመው ሰልፍ ያጣድፋችኋል፤ የግምጃ ቤት ሠራተኛውም «ይኸው፣ ፈርም» ይላል። ጠዋት፣ የቀን ብርሃን በሚገባበት ሰዓት ሂዱ። መሣሪያ የሚጠግን ባለሙያ የሚገኝበት ቀን ከሆነ ደግሞ የተሻለ ነው።

ይዛችሁ የምትሄዱት፦

1. ዘወትር የምትለብሱት የደንብ ልብስ፣ ቀበቶና የዝናብ ልብስ።
2. ነጭ ጨርቅና ትንሽ የእጅ ባትሪ።
3. ከጀርባው ላጲስ ያለው እርሳስ፣ ማስመሪያ፣ ማስታወሻ ደብተር።
4. አንድ ባዶ ቀለህ፣ ከሌለ አንድ ሳንቲም።

በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ምደባችሁን ጻፉ፦ ትራፊክ፣ በሲቪል ልብስ ምርመራ፣ የእግር ቅኝት፣ የሞተር ብስክሌት ቅኝት ወይም የተቋም ጥበቃ። ሦስተኛው ደረጃ ላይ ያስፈልጋችኋል።

## ደረጃ 1፦ ባዶ መሆኑን አረጋግጡ

ያቀበላችሁ ሰው ባዶ ነው ቢልም፣ አለቃችሁ ቢሆንም፣ ራሳችሁ አረጋግጡ።

1. አፈሙዙን አሸዋ ወደተሞላው በርሜል ወይም ሰው ወደሌለበት የአፈር ግድግዳ አዙሩ። ጣታችሁ ከምላጩ ቀለበት ውጭ ይሁን።
2. ካዝናውን አውጡ።
3. የላይኛውን ተንሸራታች እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ስባችሁ ያዙ።
4. የጥይት መቀመጫውን በዓይን እዩ፤ ቀጥሎም በትንሿ ጣት ዳስሱ።

ማስጠንቀቂያ፦ 2ኛውና 3ኛው ከተቀያየሩ ሽጉጡ ባዶ አይሆንም። ካዝናው ሳይወጣ ተንሸራታቹ ቢሳብ ያለው ጥይት ይፈናጠራል፤ ተንሸራታቹ ሲመለስ ግን ሌላ ጥይት ከካዝናው ይዞ ይገባል። ከዚያ በኋላ ካዝናው ቢወጣም አንዱ ውስጥ ቀርቷል። «ባዶ ነበር» እየተባለ ሰው የሚመታው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ መንገድ ነው። «ካዝናው ከወጣ አይተኩስም» የሚለውንም እርሱት፤ ማካሮቭም ግሎክም ያለ ካዝና ይተኩሳሉ።

ተንሸራታቹ ካልተንቀሳቀሰ፦ ማካሮቭ ከሆነ የደህንነት ቁልፉ ወደ ላይ ተነሥቶ ይሆናል፤ በዚያ ሁኔታ ተንሸራታቹን ይቆልፈዋል። አፈሙዙን ከአሸዋው ሳታነሡ ቁልፉን ዝቅ አድርጉና እንደገና ሳቡ። አሁንም እምቢ ካለ በጠረጴዛ ጠርዝ አትምቱት። ለባለሙያው ስጡ፤ ያንን ሽጉጥም ከምርጫችሁ አውጡት።

ከዚህ በኋላ በክፍሉ ውስጥ ጥይት አይኑር። የሚታዩት ጥይቶች በሌላ ጠረጴዛ ይቀመጡ።

## ደረጃ 2፦ ከጥይቱ ጀምሩ

ሽጉጡን ከመውደዳችሁ በፊት የሚበላውን እወቁ። «ዘጠኝ ሚሊ አለ» መልስ አይደለም፤ ዘጠኝ ሚሊ የሚባሉት ብዙ ናቸውና። የካርቶኑን ጽሑፍ አንብቡ፤ ካርቶን ከሌለ በማስመሪያ ለኩ።

- 9×18፦ የማካሮቭ ነው። ጠቅላላ ርዝመቱ 25 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን የአረሩ (ሲተኮስ ተነጥሎ የሚወጣው ጫፍ) ውፍረት 9.27 ሚሊ ሜትር ነው።
- 9×19፦ ግሎክ 17 እና 19፣ ሲዜድ 75፣ ቤሬታ 92 እና ብራውኒንግ ሃይፓወር የሚጠቀሙበት ነው። ርዝመቱ ወደ 30 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። ማካሮቭ ውስጥ ሙሉ በሙሉ አይገባም፤ ተንሸራታቹን በመዳፍ እየመታችሁ ለማስገባት አትሞክሩ።
- 9×17፦ ከማካሮቩ ጥይት ጋር የሚያሳስት ይህ ነው። በርዝመት ይመሳሰላል፤ ማካሮቭ ውስጥም ይገባል። አረሩ ግን ቀጭን ስለሆነ ቱቦውን አይሞላም፤ አቅጣጫውን አይጠብቅም። ተደባልቆ ካገኛችሁት ለዩና መልሱ።
- 7.62×25፦ የቶካሬቭ ነው። አንገቱ የጠበበ ስለሆነ በዓይን ይለያል። ፈጣንና ሰርሳሪ ነው። በገበያ ቀን በጅማ መርካቶ ግርግር ውስጥ የሚሠራ ፖሊስ ከተፈላጊው ጀርባ ማን እንደቆመ ማሰብ አለበት፤ ለዚህ ሥራ እኔ አልመርጠውም።

ቀጥሎ የግምጃ ቤቱን ኃላፊ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ለሥራ የሚታደል ስንት አለ? ለልምምድስ? አሁን ለመሞከሪያ ቢያንስ 50፣ ለሥራ ደግሞ ሁለት ካዝና ሙሉ ማግኘት ካልቻላችሁ፣ ሽጉጡ ምንም ቢያምር ያንን ዓይነት ተዉት።

የተሰጣችሁን ጥይት አንድ በአንድ እያገላበጣችሁ እዩ። ቀለሁ አረንጓዴ ያወጣ፣ የተጨረመተ፣ አረሩ በጣት ሲነካ የሚሽከረከር ወይም ወደ ውስጥ የሰመጠ ከሆነ ይመለስ።

## ደረጃ 3፦ ምደባችሁ ምን ይፈቅዳል?

በሲቪል ልብስ ለሚሠራ መርማሪ 161 ሚሊ ሜትር ርዝመትና ያለ ጥይት 730 ግራም ክብደት ያለው ማካሮቭ ከኮት ሥር ይደበቃል፤ የሚይዘው ግን 8 ጥይት ነው። ለደንብ ልብስ ለባሽ መደበቅ ጉዳይ ስላልሆነ 15 የሚይዘው ግሎክ 19 ወይም 17 የሚይዘው ግሎክ 17 ይሻላል። ሲዜድ 75 እና ቤሬታ 92 ወደ አንድ ኪሎ ግራም ይመዝናሉ። ክብደቱ ሲተኮስ ግፊቱን ስለሚውጥ ለዒላማ ጥሩ ነው፤ ወደ ጅሬን አቀበት በእግር ለሚወጣ ቅኝት ግን ወገብ ያውቀዋል።

## ደረጃ 4፦ እጃችሁን ለኩ

ከሁሉ በላይ ጊዜ ስጡት። አብዛኛው ሰው ሽጉጡን አንሥቶ፣ ወደ ግድግዳ አነጣጥሮ፣ «ይመቻል» ብሎ ያልፈዋል።

1. በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጣት መካከል ያለውን ሥጋ እጀታው ላይ እስከሚቻለው ከፍ አድርጋችሁ ያዙ። አፈሙዙ ከክንዳችሁ አጥንት ጋር ቀጥ ያለ መስመር ይሥራ። ምላጩን ለመድረስ ሽጉጡን በእጃችሁ ውስጥ ማዞር ካስፈለጋችሁ እጀታው ትልቅ ነው።
2. የጠቋሚ ጣታችሁ የመጀመሪያ አንጓ ለስላሳ ክፍል ምላጩ መሐል ላይ ይረፍ። የጥፍር ጫፍ ብቻ ከደረሰ አልሆነም። ሲዜድ 75 እና ቤሬታ 92 መምቻቸው (ከኋላ ያለው፣ መርፌውን የሚመታው ብረት) ወርዶ ሲተኮስ የመጀመሪያው ሳብ ረጅም ነው፤ አጭር ጣት ያለው ሰው እዚህ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ መምቻው ወርዶ ሞክሩ፤ ተነሥቶ ብቻ አትፈትኑ።
3. አያያዛችሁን ሳትለቁ የካዝና መልቀቂያውን ንኩ። ማካሮቭ መልቀቂያው ከእጀታው ግርጌ ስለሆነ ሁለተኛ እጅ ይፈልጋል። ይህ ጉድለት አይደለም፤ ግን ልምምድ ይጠይቃል።
4. ባዶነቱን ዳግም አረጋግጡ። የባዶ ሽጉጥ ምላጭ መሳብ መሣሪያውን እንደማይጎዳ ባለሙያውን ጠይቁና፣ ባዶውን ቀለህ ወይም ሳንቲሙን የፊት ማነጣጠሪያው አካባቢ አስቀምጣችሁ ምላጩን በዝግታ ሳቡ። ደጋግሞ ከወደቀ ምላጩ ለእጃችሁ ከብዷል፤ ወይም ጣታችሁ አላግባብ ተቀምጧል። አቀማመጡን አስተካክላችሁ ድገሙ።
5. እጃችሁን በውኃ አርሳችሁ ከ3 እስከ 4ቱን ድገሙ። ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የምታገኝ ከተማ ናት። በደረቅ እጅ ብቻ የተፈተነ ሽጉጥ ግማሽ ፈተናውን አልወሰደም።

እጀታው ከበዛባችሁ፦ አራተኛውና አምስተኛው ትውልድ ግሎክ የሚቀያየር የእጀታ ጀርባ አላቸው። በሳጥኑ ውስጥ መኖሩን ጠይቁ፤ ትንሹን አስገጥሙ። በሌሎቹ ላይ ይህ ከሌለ ቀጠን ያለ እጀታ ያለውን ምረጡ። ሴት አባላትና ትንሽ እጅ ያላቸው ወንዶች «ትለምዱታላችሁ» ሲባሉ ይሰማል። እጅ አያድግም። ሌላ አምጡ በሉ።

ተንሸራታቹን መሳብ ከከበዳችሁ፦ ሽጉጡን ወደ ደረታችሁ አቅርቡ፤ በግራ እጅ ተንሸራታቹን ከላይ ጨብጣችሁ ያዙ፤ በቀኝ እጅ እጀታውን ወደ ፊት ግፉ። አፈሙዙ ወደ ጎን ወዳለው ባልደረባ እንዳይዞር ተጠንቀቁ። በዚህ አሠራርም ካልሆነላችሁ ያ ሽጉጥ የእናንተ አይደለም።

ግራኝ ከሆናችሁ የማካሮቭ ቁልፍ በግራ ጎኑ ብቻ ስለሆነ በአውራ ጣት አይደረስም። ውጫዊ ቁልፍ የሌለው ግሎክ ይቀላችኋል።

## ደረጃ 5፦ የደህንነት ቁልፉ ወደየት ይሄዳል?

ማካሮቭ ቁልፉ ወደ ላይ ሲነሣ ይቆለፋል፤ ወደ ታች ሲወርድ ቀይ ነጥብ ይታያል፣ ለመተኮስ ዝግጁ ነው ማለት ነው። ቤሬታ 92 ኤፍኤስ ተቃራኒው ነው፦ ወደ ታች ሲወርድ ይቆለፋል። ለዓመታት ማካሮቭ የያዘ ፖሊስ ቤሬታ ቢሰጠው፣ በድንጋጤ ሰዓት አውራ ጣቱ የለመደውን ያደርጋል፤ መተኮስ ሲፈልግ ይቆልፈዋል። ስለዚህ ከዚህ በፊት የያዛችሁትን ሽጉጥ አስቡና አቅጣጫው የሚመሳሰለውን አስቀድሙ። ከቀየራችሁ ደግሞ አዲሱን እንቅስቃሴ እስኪዋሃዳችሁ ድረስ በባዶ ሽጉጥ ተለማመዱ።

ግሎክ በአውራ ጣት የሚነካ ቁልፍ የለውም፤ መከላከያው ምላጩ ላይና ውስጡ ነው። ምላጩን የነካ ነገር ሁሉ፣ የጃኬት ገመድም ይሁን የላላ የማኅደር (የሽጉጥ መያዣ) ቆዳ፣ ሊያተኩሰው ይችላል። ግሎክ የመረጠ ሰው ምላጩን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ማኅደር ካላገኘ ምርጫውን ይቀይር።

የድሮው ቶካሬቭ የደህንነት ቁልፍ ጨርሶ የለውም፤ ያለው መምቻውን በግማሽ የሚይዝ ጥርስ ብቻ ነው። ጥርሱ ካረጀ ይለቃል። የግድ ከተሰጣችሁ የጥይት መቀመጫውን ባዶ አድርጋችሁ ያዙት።

መደበኛው ሲዜድ 75 መምቻውን በሰላም የሚያወርድ ማንሻ የለውም፤ «ቢዲ» የሚል ምልክት ያለው ግን አለው። ጥይት ጎርሶ እያለ መምቻውን በአውራ ጣት ይዞ ማውረድ አንድ ቀን የሚያመልጥ ሥራ ነው። ሁለቱም ካሉ ቢዲውን አንሡ።

## ደረጃ 6፦ ሽጉጡን ራሱን መርምሩ

ዓይነቱ ተለይቷል እንበል። አሁን ከተመሳሳዮቹ መካከል አንዱን ለዩ። ባዶነቱን እንደገና አረጋግጡ።

1. በተንሸራታቹና በአካሉ ላይ ያለው መለያ ቁጥር ይመሳሰል እንደሆነ እዩ። ካልተመሳሰለ ከሁለት ሽጉጥ የተገጣጠመ ሊሆን ስለሚችል ምክንያቱን ጠይቁ።
2. ባለሙያው ይፍታው። ከአፈሙዙ በታች ነጭ ጨርቅ ዘርግታችሁ ከኋላ ባትሪ አብሩ። የቱቦው ውስጥ ጉድጓድ የበላው ከሆነ ወይም ቀለበት የመሰለ ጥላ ከታየ አትውሰዱ። ጥላው ቱቦው በአንድ ወቅት ማበጡን ሊያመለክት ይችላል።
3. ተንሸራታቹ ላይ፣ በተለይ ቀለህ በሚወጣበት መስኮት ጥግ፣ የፀጉር ያህል ስንጥቅ ፈልጉ።
4. ከተገጣጠመ በኋላ፣ ውጫዊ ቁልፍና መምቻ ያለው ከሆነ፣ ቁልፉን ቆልፋችሁ ምላጩን ሳቡ፤ መምቻው መውደቅ የለበትም። ቁልፉን ፈትታችሁ መምቻውን አንሡና በአውራ ጣት ወደ ፊት ግፉት፤ አሁንም መውደቅ የለበትም። ከወደቀ ወዲያው መልሱ፤ ለሌላ ሰው እንዳይሰጥም ተናገሩ።
5. የ9 ሚሊ ሜትር ሽጉጥ ከሆነ አፈሙዙን ወደ ላይ አድርጉ፣ እርሳሱን በላጲሱ በኩል ወደ ታች ጣሉበት፣ ፊታችሁን አርቃችሁ ምላጩን ሳቡ። መርፌው ጤነኛ ከሆነ እርሳሱ ብድግ ይላል። ካልነቃነቀው መርፌው ተሰብሯል፣ አልቋል ወይም ቆሻሻ ይዞታል።
6. ካዝናዎቹን አንድ በአንድ አስገብታችሁ አውጡ። ከንፈሩ የተጣመመ፣ ሞላው የደከመ ወይም ጎኑ የተጨፈለቀ ካዝና ከጥሩ ሽጉጥ ጋር መጥፎ ሽጉጥ ይሠራል። ቢያንስ ሁለት ጤነኛ ካዝና ተቀበሉ፤ ግርጌያቸው ላይ በማይለቅ ቀለም 1 እና 2 ብላችሁ ጻፉ። ጥቅሙን ደረጃ 8 ላይ ታያላችሁ።

## ደረጃ 7፦ ማኅደርና ዝናብ

ማኅደሩ ለዚያው ሽጉጥ የተሠራ ይሁን። «ይገባል» እና «ልኩ ነው» የተለያዩ ናቸው። ባዶውን ሽጉጥ አስገብታችሁ ዝጉትና ማኅደሩን ገልብጣችሁ አራግፉት። ከዚያ ቀበቶው ላይ አድርጋችሁ ሩጡ፣ ጎንበስ በሉ፣ ባጃጅ ውስጥ ወይም ሞተር ብስክሌት ላይ ተቀመጡ። ብዙው ማኅደር ቆማችሁ ጥሩ ነው፤ ስትቀመጡ እጀታው ወደ ጎድናችሁ ይገፋል ወይም ከመቀመጫው ጋር ይያያዛል። በመጨረሻ የዝናብ ልብሱን ደርቡና አውጡት። ጨርቁ ከእጃችሁ ጋር አብሮ ከመጣ የልብሱን ጎን ከፍቶ የሚዘጋ ማያያዣ አሠሩ።

ቆዳ ውኃ ይይዛል። ከሰኔ እስከ መስከረም በቆዳ ማኅደር ውስጥ ሌሊቱን ያደረ ሽጉጥ ጠዋት ቀይ ነጠብጣብ ይዞ ሊገኝ ይችላል። ቀን ያዙበት፤ ማታ ግን ሽጉጡን አውጥታችሁ ለየብቻ አስቀምጡ። የፕላስቲክ ማኅደር ካለ ለጅማ እሱ ይሻላል።

## ደረጃ 8፦ ሳትተኩሱ አትፈርሙ

ከመፈረም በፊት መተኮስ ካልተፈቀደ፣ በመጀመሪያው ሳምንት ውስጥ እንዲሆን በጽሑፍ ጠይቁ። በ50 ጥይት ይህን ሥሩ፦

1. 10 ጥይት በዝግታ፣ በ7 ሜትር፣ በሁለት እጅ።
2. 20 ጥይት ከሁለቱም ካዝናዎች እኩል፤ ካዝና እየቀያየራችሁ።
3. 10 ጥይት በአንድ እጅ፣ ግማሹን በማትሠሩበት እጅ።
4. የቀረውን በእርጥብ እጅ፣ ከማኅደር እያወጣችሁ።

ቢከሽፍ፦ በልምምድ ሜዳ ላይ ምላጩ ተስቦ ካልተኮሰ አፈሙዙን ከዒላማው ሳታዞሩ 30 ሰከንድ ያህል ጠብቁ፤ ዘግይቶ ሊተኮስ ይችላል። ከዚያ ካዝናውን አውጡ፣ ጥይቱን አስወጡ፣ የቀለሁን ግርጌ እዩ። መርፌው ጠልቆ መትቶት ከሆነ ችግሩ ከጥይቱ ነው፤ ምልክቱ ቀላል ጭረት ከሆነ ግን ከሽጉጡ ነው።

ድምፁ ደከም ካለ፦ ወዲያው አቁሙ። አረሩ ቱቦው ውስጥ ቀርቶ ሊሆን ይችላል፤ ቀጣዩ ጥይት ሽጉጡን በእጃችሁ ላይ ያፈነዳዋል። አራግፉ፤ ቱቦውን ባለሙያው ይይ።

ቀለህ ቢቀረቀር ወይም ጥይት ባይጎርስ፦ የካዝናውን ቁጥር ጻፉ። ችግሩ 1 ቁጥር ላይ ብቻ ከሆነ ካዝናውን አስቀይሩ። በሁለቱም ከሆነ የሌላ ካርቶን ጥይት ሞክሩ። አሁንም ከደገመ ሽጉጡን መልሱ። በዚህ ቅደም ተከተል ካልሄዳችሁ በአንድ ብላሽ ካዝና ምክንያት ደህና ሽጉጥ ትጥላላችሁ።

ሁሉም ወደ ግራና ወደ ታች ከሄደ፦ ቀኝ እጀኛ ከሆናችሁ ማነጣጠሪያውን ለመምታት አትቸኩሉ። ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ድምፁን ጠብቆ ምላጩን መንጠቅ ነው። በደንብ የሚተኩስ ባልደረባ አምስት ጥይት ይሞክርበት። እሱም ወደ ግራ ከሄደ ማነጣጠሪያው ይስተካከል፤ መሐል ከመታ ወደ ደረጃ 4 ሳንቲም ተመለሱ።

## ደረጃ 9፦ ርክክብ

በሞዴል 22 ወይም በመሥሪያ ቤታችሁ የትጥቅ መረከቢያ ቅጽ ላይ ዓይነቱን፣ መለያ ቁጥሩን ከሽጉጡ ላይ ራሳችሁ እያነበባችሁ፣ የካዝናውንና የጥይቱን ብዛት አስሞሉ። ጭረት፣ የተሰነጠቀ እጀታ፣ የጎደለ ቡሎን ካለ ቅጹ ላይ ይጻፍ። ሳይጻፍ የቀረ ጉድለት በመመለሻው ቀን በእናንተ ስም ይቆጠራል። ቅጂ ያዙ።

ምላጩን በሞረድ ማለስለስ፣ ሞላ መቁረጥ፣ ከገበያ የተገዛ ዕቃ መግጠም የለም። ንብረቱ የመንግሥት ነው፤ አንድ ቀን ተኩስ ሲጣራ ደግሞ የተነካ ምላጭ መጀመሪያ የሚጠየቅበት ነገር ነው።

## ከተረከባችሁ በኋላ

ዝናብ ከነካው በዚያው ምሽት ፍቱት፣ አድርቁት፣ ስስ የመሣሪያ ዘይት ቀቡት። ዘይት ማብዛት ጥበቃ ይመስላል፤ በተለይ ቡና በሚፈለፈልበት ወራት አየር ላይ ያለውን ብናኝ ሰብስቦ ጭቃ ያደርገዋል። መርፌው ባለበት ጎሬ ዘይት አታፍስሱ። ካዝናውንም አትርሱ፤ ውስጡን በደረቅ ጨርቅ ብቻ አጽዱ።

ቤት ውስጥ ሽጉጡ ባዶ ሆኖ በቁልፍ ይቀመጥ፤ ጥይቱ በሌላ ቦታ። ፍራሽ ሥርና ቁም ሣጥን አናት ልጆች መጀመሪያ የሚፈልጉበት ቦታ ነው።

በየቀኑ ጠዋት የምታጎርሱት፣ ማታ የምታወጡት ያው አንድ ጥይት ከሆነ አረሩ ቀስ በቀስ ወደ ቀለሁ ውስጥ ይሰምጣል፤ ሲተኮስ ግፊቱ ከልኩ በላይ ይሆናል። ከአዲስ ጥይት አጠገብ አቁማችሁ በየሳምንቱ አነጻጽሩት። አጥሮ ከታየ ለይታችሁ ለግምጃ ቤቱ መልሱና በምትኩ አስፈርማችሁ ሌላ ውሰዱ።